ለችግረኛ አይመጥንም ስለተባለው አንድ ገጽ

ለተከበሩ የነጻ ትምህርት ዕድል ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት፤ ማለትም ሁለተኛ ፎቅ፣ መጋረጃው ሁልጊዜ እስከ ግማሽ ከተዘጋው መስኮት በስተጀርባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። መልሱን በከፊል ስለማውቀው ጥያቄዬን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ከመስኮትዎ ሥር ተቀምጬ ስለምውል፣ ትናንት ረፋዱ ላይ መስኮቱን ሲከፍቱ ሁለት ጊዜ ማስነጠስዎን ሰምቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከታች ሆኜ «ይማርዎ» ብያለሁ። ድምፄ ሁለተኛ ፎቅ ይደርሳል ብዬ ግን አላስብም። እስካሁን ደርሶ አያውቅም። ዛሬ በጋዜጣ የምጽፍልዎም ስለዚሁ ነው።

ማን እንደሆንኩ ልግለጽ። ከጽሕፈት ቤትዎ በር ፊት ለፊት፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱ የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማና አንድ የጽሕፈት መኪና ይዤ ለሰው ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። መንገደኛው «ጋሽ ማመልከቻ» ይለኛል። እዚያ ቦታ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ እርስዎ በጽሕፈት ቤቱ አራተኛው ኃላፊ ነዎት፤ መኪናዬ ግን ያችው ናት። «ለ» የምትባለው ፊደሏ ከመስመሯ ትንሽ ከፍ ትላለች። ሦስት ጠጋኝ አይቷታል፣ አልወረደችም። ይህችን ፊደል ያስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ጽሕፈት ቤትዎ በየዓመቱ አንድ አዲስ ቅጽ ስለሚጨምርና ቅጹም ያለ እኔ ስለማይገባ፣ ኑሮዬን የምገፋው በእርስዎ ቸርነት ነው ማለት ይቻላል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። እኔ ግን ዛሬ የጮኽኩት ባበላኝ በር ላይ ነው፤ አመሌን ይቅር ይበሉ።

ጉዳዬ አንድ ነው። የእህቴ ልጅ የመሬት ቅየሳ ለማጥናት ኮሌጅ ተቀብሏታል፤ ወንበር ተይዞላታል። አባቷ ገና በእቅፍ ሳለች ስለሞተ ያሳደግናት እኔና እናቷ ነን። የኮሌጁ ክፍያ እኔ በማመልከቻ፣ እናቷም በሆስፒታል አንሶላ እጥበት የምንደርስበት ስላልሆነ፣ ወንበሩ የሚጸናላት የእርስዎን ነጻ የትምህርት ዕድል ካገኘች ብቻ ነው። ምዝገባው ከዛሬ ጀምሮ በአሥራ አንደኛው ቀን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ወንበሩ የሌላ ሰው ነው።

ልጅቱን ሰፈሩ «ሜትር» ይላታል። ከትንሽነቷ ጀምሮ ሁሉን ነገር በእርምጃ ትለካለች፤ ከደጃችን እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ ትምህርት ቤቱ። ማስታወቂያዎ በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ ዕለትም ከጠረጴዛዬ ተነሥታ እስከ ደረጃዎ ለካች። አርባ አንድ እርምጃ። «ቅርብ ነው እኮ ጋሼ» አለችኝ፤ እኔም አመንኳት። አሥራ ስድስት ዓመት እዚያ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ያመንኳትም እኔው ነኝ።

ይህን ስጽፍ ጣቴ ፊደሎቹን ይስታል። ለሌላ ሰው ስጽፍ እንዲህ አይሆንም።

ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ ማለት ድፍረት ካልሆነ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ማኅበረሰባችን ማነስ።

ማስታወቂያዎ ዕድሉ የተዘጋጀው «ቀን ለጣላቸውና ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ ማኅበረሰብ ለተገኙ» ተማሪዎች መሆኑን በትልልቅ ፊደል ይናገራል። እኛ ከሁለቱም ነን። ቋንቋችንን የሚናገረው ሰው ከመሃል ከተማው ወንዝ ማዶ ባሉ ጥቂት መንደሮች ተጠቃሎ ያልቃል፤ እህቴ አንሶላ ስታጥብ የምታንጎራጉርበት ቋንቋ እርሱ ነው፤ ስታጥብ የሰማት ሁሉ ምን እንደምትል ይጠይቃታል። በቅጹ ላይ ግን አሥራ ዘጠኝ አነስተኛ ማኅበረሰቦች ተዘርዝረዋል፣ እኛ የለንም። ጸሐፊዎን ስንጠይቃት፣ እጅግ ጨዋ ልጅ ናት፣ በዝርዝሩ የሚገባው ባለፈው ዓመት ያመለከተ ተማሪ ያለው ማኅበረሰብ መሆኑን አስረዳችን። ባለፈው ዓመት ከእኛ ያመለከተ ያልነበረው ለምን እንደሆነም እኛው ነገርናት፤ በዝርዝሩ ስላልነበርን ነው። «እንዲያማ ከሆነ ለእናንተ የሚቀርበው ላይ ምልክት አድርጉ» አለችን። ሜትር ወዲያው «በምን የሚቀርበው? በእርምጃ?» ብላ ጠየቀች። በቁም ነገር ነበር የጠየቀችው። ጸሐፊዎም በቁም ነገር አሰበችበት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከአነስተኞቹ ለመቆጠር ቁጥራችን አነሰ። ሰው በትልቅነቱ ከስብሰባ ሲቀር አይቻለሁ፤ በማነሱ ከአናሳዎች ስብሰባ የቀረ ግን ከእኛ በፊት አላውቅም። ለዚህ ክብር እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ ስለ ሶፋው።

ችግራችን በዓይን እንዲረጋገጥ ተቆጣጣሪዎን ወደ ቤታችን ለመላክ ስለፈቀዱ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ጥፋቱ የእኛ ነው። አልደብቅም። እህቴ መንግሥት ቤቷ እንደሚመጣ በሰማችበት ሰዓት የሠራችውን ልንገርዎና እርስዎ ይፍረዱ።

ከጎረቤታችን ከአናጢው ለደንበኛ የሠራውን፣ ደንበኛው ገና ያልተረከበውን አዲስ ሶፋ ለግማሽ ቀን ተዋሰች። ከማዶዋ ጎረቤት ስድስት ብርጭቆ አመጣች። ከልብስ ሰፊዋ መጋረጃ። ጣራው የሚያፈስበትን ባልዲ ከአልጋው ሥር ደበቀች። እኔንም ግድግዳውን ኖራ አስቀባችኝ፤ እኔም በደስታ ቀባሁ፤ እንዲያውም ቀለሙ ቢተርፈኝ የደጁን ድንጋይ ሁሉ ነጭ አደረግኩት። ልጅቱ ብቻ በሩ ላይ ቆማ «እማዬ፣ ሰውየው የሚመጣው እኮ ችግራችንን ሊያይ ነው» ትላለች። እናቷ መጥረጊያዋን እንደያዘች ዞር ብላ «ዝም በይ አንቺ! ችግር ለእንግዳ አይቀርብም» አለቻት። በሬ ሆይ ሳሩን አየህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው።

ሰውየው መጣ። ሶፋው ላይ ተቀመጠ። በብርጭቆው ሻይ ጠጣ፣ ሁለተኛም ደገመ። ከዚያም መዝገቡን ከፍቶ እህቴን «የጎደላችሁ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃት።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም እናት ነበረችዎ። ቤቷ ገብቶ ሻይዋን የጠጣ እንግዳ እንዲህ ብሎ ሲጠይቃት ምን ትል እንደነበር ያውቁታል። እህቴም ያንኑ አለች፦ «ተመስገን! ምን ጎደለን!» እኔም አጠገቧ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ። ልምድ ነው። አፋችን የለመደው ነው። ሰውየው ግን ጻፈው፦ «ምንም ያልጎደላቸው መሆኑን በቃላቸው አረጋግጠዋል።»

በዚህም አላበቃም። ሰውየው ገና ከመንገዱ ጥግ ሳይታጠፍ አናጢው ደንበኛው እንደደረሰበት እየጮኸ መጥቶ ሶፋውን ከነረዳቱ ተሸክሞ ወጣ። ተቆጣጣሪዎ በጩኸቱ ዞር ብሎ አየ። መዝገቡን እንደገና አውጥቶ በቆመበት ጨመረበት፤ ቃሉን በኋላ ከፋይሉ ላይ ራሴ አንብቤዋለሁ፦ «ንብረት ሲያሸሹ ታይተዋል።»

እኔ ለሰው ቃል ስመርጥ የኖርኩ ነኝ። «ሲያሸሹ» የሚለውን ቃል ግን እኔም ባልመረጥኩት ነበር። አድናቆቴን ያድርሱልኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ አንዱ ገጽ።

ወደ ዋናው መጣሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ለእኔም ለመጻፍ አይቀልም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ቅጹ ከጀርባው «አመልካቹ ለምን ዕድሉ እንደሚገባው በራሱ አገላለጽ ያብራራ» ይላል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዳልባል፣ ለእህቴ ልጅ በሕይወቴ ጽፌ የማላውቀውን ማመልከቻ ጻፍኩላት። አራት ገጽ ነበር። «በእንባ እየታጠብኩ» ነበረበት። «ከእግርዎ ሥር ወድቄ» ነበረበት። አባቷን በአንደኛው ገጽ ከገደልኩት በኋላ፣ አንባቢው ሊረሳ ይችላል ብዬ ስለሠጋሁ፣ በሦስተኛው ገጽ ደግሜ ገደልኩት። እናቷን የአልጋ ቁራኛ አደረግኳት፤ እናቷ በዚያች ሰዓት የሆስፒታሉን አንሶላ እየዘረጋች ነበር። ሜትር እንደቆመች አነበበችው። ሲያልቅ «ጋሼ፣ ይህቺ ልጅ በጣም ታሳዝናለች» አለችኝ። «ማን ናት?»

ሳቅኩ። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አስገብታዋለች ብዬ አመንኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ያስገባችው ሌላ ነበር። በእጇ የጻፈችው፣ አንድ ገጽ። እኔ ያየሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ጸሐፊዎ ፋይሉን ይዛ ወርዳ ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጠው ነው። በገጹ ግራ ጠርዝ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎበታል፦ «ይህን ችግረኛ አልጻፈውም። ሌላ ሰው ያዘጋጀው ነው። ለችግረኛ አይመጥንም።» ጸሐፊዎ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ አበዙት እኮ፤ ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉት ምን ነበር» አለችኝ። እኔ የጻፍኩት መስሏት ነው። ከሰፈር እስከ ሁለተኛ ፎቅ እኔ የጻፍኩት ያልመሰለው ሰው የለም።

አነበብኩት። እንባ የለበትም። አባቷ በአንድ መስመር ሞቷል፣ አንዴ ብቻ። የቀረው ስለ ሰፈራችን ነው። የከተማውን ካርታ በትምህርት ቤቷ ግድግዳ ላይ እንዳየችው፣ የእኛ ሰፈር በካርታው ላይ ነጭ ቦታ እንደሆነ፣ ከወንዙ ወዲህ መንገዱ በድንገት እንደሚቆም። ድልድዩ ላይ አንድ ሳንቃ ከወደቀ ሁለት ዓመት እንደሆነውና ሰው ዞሮ ለመሄድ ስንት እርምጃ እንደሚጨምር፤ ለእርጉዝ ሴት ስንት፣ ባልዲ ለያዘች ስንት። ሁሉንም ተከትላ ለክታዋለች። መጨረሻውም ይህ ነው፦ «መቀየስ የምፈልገው ነጩን ቦታ ለመሙላት ነው። ዕድሉን ብትሰጡኝ በአራት ዓመት እሞላዋለሁ። ባትሰጡኝም ሰፈራችን እዚያው ነው።»

ክቡር ሆይ፤ ይህን ገጽ እኔ አልጻፍኩትም። ልጽፈው አልችልም። አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ይህን በጋዜጣ መናዘዝ ለአንድ ባለሙያ ቀላል እንዳልሆነ ይረዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አራተኛ፤ ይህን ቦታ ለቢሮ አገልግሎት ብቻ ትቼዋለሁ።

..................................................

አምስተኛ፤ ስለ ፈተናው።

ይግባኝ አልን፤ ይግባኙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ይህኛውን በእርግጥ እኔ። እርስዎም በትሕትና ተቀበሉት፤ ልጅቱ በጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ፊት ተቀምጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ «ችግር ምንድን ነው?» በሚል ርእስ አንድ ገጽ እንድትጽፍ አዘዙ። መዝገብ ቤቱ ተከፈተላት። እኔ ከታች ሆኜ መስኮቱን አያለሁ። ለሌላ ሰው እየጻፍኩ ነበር፤ የአንዲት ባልቴት የውሃ ቆጣሪ ጉዳይ ነው። የባልቴቷን ስም ሦስት ጊዜ አሳስቼ ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ «ጋሼ፣ ዛሬ ልብዎ የት ነው?» አለችኝ። ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩ። ሰማይ ያመለከትኩ መስሏት «አሜን» አለች።

ልጅቱ ምን ጻፈች? ስለ ችግር ጠየቋት፣ እርሷም ያለችበትን ክፍል ለካች። ርዝመቱ ዘጠኝ እርምጃ፣ ወርዱ ስድስት። በግድግዳው ዙሪያ ያሉት የማመልከቻ ክምሮች እስከ መስኮቱ ደፍ ይደርሳሉ። የላይኞቹ ነጭ ናቸው፣ የታችኞቹ ቢጫ፤ የታችኞቹ ከታሰሩበት ሲባጎ አልተፈቱም። የምትጽፍበት ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ በተጣጠፈ ወረቀት ተደግፏል። ጎንበስ ብላ አየችው። ማመልከቻዎች ናቸው፤ በመኪና የተጻፉ፣ «ለ»ው ከፍ ያለ። ይህንኑ ጻፈች። ሌላ አልጨመረችም።

አርባ አንዱን እርምጃ ተራምዳ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ የምትጽፋቸው ነገሮች ጠንካራ ናቸው» አለችኝ። «ጠረጴዛ ተሸክመዋል።»

ልትቀልድ ነበር። እኔም ልስቅ ሞክሬያለሁ። ግን የማን ነበሩ? ያ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮኝ ይውላል። የትኛዋ እናት፣ የትኛው ወላጅ አልባ፣ «ከእግርዎ ሥር ወድቄ» ብዬ የጻፍኩለት የቱ ሰው ነው በእርግጥም እግር ሥር የወደቀው? ብዙዎቹ አመስግነውኝ ነው የሄዱት። አንዳንዶቹ በየዓመቱ ተመልሰው ይመጡ ነበር፤ እኔም «ዘንድሮስ ሳይደርሳችሁ አይቀርም» እል ነበር።

የፈተናው ውጤት በሁለተኛው ቀን ደረሰን፤ ቃል በቃል ጸሐፊዎ እንዳደረሰችን ነው። ገጹ በልጅቱ የተጻፈ መሆኑ ያለ ጥርጥር ተረጋግጧል። ስለዚህ ማጭበርበር የለም። ነገር ግን እንዲህ አድርጎ መጻፍ የሚችል ሰው ችሎታ ያለው ሰው ነው፤ ችሎታ ያለው ሰው ደግሞ ቀን ጣለው አይባልም፤ ዕድሉም ቀን ለጣላቸው ነው። «ከላይ ነው ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ» አለችኝ። ዓይኗን አይቼ ልጠላት አልቻልኩም።

እንግዲህ የደረስንበትን ላጠቃልልዎ፤ ማጠቃለል ሥራዬ ነው። ካልጻፈችው አጭበርባሪ ናት፣ ዕድሉ አይገባትም። ከጻፈችው ጎበዝ ናት፣ ዕድሉ አያስፈልጋትም። የኮሌጁ በር የሚከፈተው ለጎበዝ፣ የእርስዎ በር ለሰነፍ ነው፤ ልጅቱም በሁለቱ መካከል ባለው አስፋልት ላይ ቆማለች። የሚፈልጉት ተማሪ ኮሌጅ እስኪገባ ጎበዝ ሆኖ፣ እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ በመንገድ ላይ የሚደነቁር ከሆነ፣ አርባ አንድ እርምጃ ለዚያ እንደማይበቃ በትሕትና ላሳስብ።

አሁን ወደ ፊደሏ።

የእምቢታው ደብዳቤ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። እህቴ ማንበብ ስለማትችል ከሥራ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛዬ አመጣችው፤ እጇ ገና በሳሙናው እንደነጣ ነበር። «ምን ይላል ወንድሜ? ማኅተም አለበት፣ ደግ ነገር ነው አይደል?» አለችኝ። ከፖስታው አወጣሁት። ያማረ ደብዳቤ ነው። «ጥያቄዎን በታላቅ ጥንቃቄ መመልከታችንን እየገለጽን፣ ዕድሉ ውስን በመሆኑ ለዚህ ጊዜ ልናስተናግድዎ ያልቻልን መሆናችንን ስናሳውቅ ከልብ በመነጨ ኀዘን ነው፤ ለወደፊቱ ሕይወትዎ መቃናትን እንመኛለን።» ከላይ በኩል ስም የሚሞላበት የነጥብ መስመር አለ፤ በነጥቦቹ ላይ የእህቴ ልጅ ስም በእጅ ተሞልቷል። ከነጥቦቹ በፊት ያለችው «ለ» ከመስመሯ ትንሽ ከፍ ትላለች።

የእኔ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጸሐፊዎ አንድ ረቂቅ ይዛ ወርዳ «ጋሼ፣ ቋንቋው ሻከረብን፤ ሰው እንዳይከፋው አድርገው ያቃኑልን» አለችኝ። የማንን እምቢታ እንደምጽፍ አልጠየቅኩም፤ ስሙ ቦታ ላይ ነጥብ ነበር። አቃናሁት። «ከልብ በመነጨ ኀዘን» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እንዲያውም ያን ቀን በሥራዬ ኮርቼ ነበር። እርስዎም እንደወደዱት ነግራኛለች። ከዚያ ወዲህ በፎቶ ኮፒ እየተባዛ ይወጣል፤ ስንት ደጅ እንደደረሰ አላውቅም። የጎረቤቴ የፎቶ ኮፒ ማሽን ሲሠራ ስሰማ ብርሃኑ በቆርቆሮው ሥር ይታየኛል፤ ምን እንደሚያባዛ አይቼ አላውቅም ነበር።

እህቴ አሁንም እያየችኝ ነበር። «ይነበብ እንጂ» አለች። አነበብኩላት። ሲያልቅ ደብዳቤውን ተቀብላ አጣጠፈችና «እንዴት ጨዋ ሰዎች ናቸው» አለች። ክቡር ሆይ፣ እህቴ እርስዎን አመሰገነች። በእኔ ቃል የተነሣ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆንብኝ የራሴን ድርሻ እዚሁ አኖራለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ችግረኛ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ጽሕፈት ቤትዎን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እንባ፣ እግር፣ ሁለት ጊዜ የሚሞት አባት። ከእኔ ጠረጴዛ የወጣ ሁሉ አንድ ድምፅ ነበረው፤ ያም ድምፅ የእኔ እንጂ የእነርሱ አልነበረም። አንዲት ልጅ በራሷ ድምፅ ስትመጣ ጆሮዎን ቢያንገሸግሸው ምን ይደንቃል? መለኪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ለኩበት። ልዩነታችን አንድ ነው፤ እኔ አሁን ዐውቄዋለሁ፣ እንቅልፍም አጥቼበታለሁ።

የምለምነው ብዙ አይደለም። የእህቴን ልጅ ፋይል አስወርደው፣ ሁለቱን ገጾች፣ በመስኮቱ አጠገብ፣ መጋረጃውን ገልጠው ያንብቡ። ከዚያ መልስ ይስጡ። መልሱ እሺ ከሆነ አንድ መስመር ይበቃል፣ ለቋንቋው አይጨነቁ፤ ቢሻክርም እንወደዋለን። መልሱ እምቢ ከሆነ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ እርስዎ ራስዎ ይጻፉት። እንዲቃና ወደ እኔ ጠረጴዛ እንዳይልኩት። አላቃናም። ከእንግዲህ በዚህች መኪና እምቢታ አይጻፍም፤ የሰው እንባም ቢሆን ባለቤቱ ካላለቀሰው አልጽፍም። ገበያዬ እንደሚቀንስ ዐውቃለሁ።

ለመጋረጃዎ ብርሃንን፣ ለጉንፋንዎ ፈውስን፣ ለመዝገብ ቤትዎ ጠረጴዛ አራተኛ እግርን እየተመኘሁ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ደንበኛዎና ጎረቤትዎ የሆንኩት እኔ፣ ድምፄ ባይደርስም ዓይኔ ከሚደርስበት ከአርባ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ሆኜ፣ ቆቤን አውልቄ እጅ እነሣለሁ።

ማመልከቻ ጸሐፊው
(ማኅተም የለኝም፤ ፊደሌ ታስታውቃለች)

ማስታወሻ፤ ይህን ደብዳቤ አጣጥፌ ለጋዜጣው በምልከው ፖስታ ውስጥ ሳስገባ ጸሐፊዎ እንደ ልማዷ አንድ ረቂቅ ይዛ ወረደች፤ በዚህ ሳምንት በሰሌዳው የሚለጠፈው የመጪው ዓመት ማስታወቂያዎ ነው። እኔ እጄ ስላልተመቸ ረቂቁን ሜትር ተቀበለቻት። ሁለተኛው በርጩማ ላይ ተቀምጣ አነበበችው፣ አቃናችው፣ ጸሐፊዎም አመስግና ይዛው ወጣች። ያረመችው ስንት እንደሆነ ስጠይቃት «አሥራ ሁለት ስሕተት ነበረው፣ አሥራ አንዱን አርሜያለሁ» አለችኝ። አንዱንስ? «እሱን ለእሳቸው ትቼዋለሁ። አይፍሩ በላቸው፤ ተማሪ አይጎዳም። ግን ካላነበቡት አይገኝም።» ስሕተቱ የትኛው እንደሆነ ለእኔም አልነገረችኝም። ክቡር ሆይ፣ ምዝገባው እስኪዘጋ ፈልገው ለማግኘት አሥራ አንድ ቀን አለዎት።